የአያ ዘሩ ጺም

ታደገ ሰውን በፊቱ አያውቅም ነበር። ዓይኑስ ደህና ነው፤ መርፌ ላይ ክር በአንድ ሙከራ ያስገባል፣ ከመንገዱ ማዶ የቆመ ትራክተር የየትኛው እርሻ እንደሆነ ጎማው ላይ ከደረቀው ጭቃ ይለያል። የሰው ፊት ግን ሲያየው ያየዋል፣ ዞር ሲል ይጠፋበታል። አፍንጫውን ለብቻው፣ ዓይኑን ለብቻው፣ ከንፈሩን ለብቻው ያያል፤ አንድ ላይ ሆነው እገሌ የሚባል ሰው አይሆኑለትም።

እንዲህ ያለው ሰው መተዳደሪያው ፀጉር መቁረጥ ሆነ። ኮኪት ላይ፣ ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አውራ መንገድ ዳር፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረችው። አንድ ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ተራ የሚጠበቅበት አግዳሚ፣ ቀኑን ሙሉ የሱዳን ዘፈን የሚያንጎራጉር ቴፕ። ሞባይል ወደ ኮኪት ከመድረሱ በፊት ስለሆነ፣ በዚያ ዘመን የከተማው ወሬ ሁሉ በዚህች ክፍል በኩል ነበር የሚያልፈው።

ልጅ ሳለ እናቱ ሽታዬ ገበያ ይዛው ስትወጣ ቀሚሷን ጨምድዶ ይይዝ ነበር። አንድ ቀን ለቀቀና፣ የእናቱን የመሰለ ቀሚስ የለበሰች ሌላ ሴት ተከትሎ እስከ ደጇ ሄደ። ሴትዮዋ ዞር ብላ «አንተ ልጅ፣ የማን ነህ?» ብትለው፣ «ያንቺ» አላት። ሽታዬ ይህን ለጎረቤት ስታወራ እንባዋ እስኪፈስ ትስቅ ነበር። ታደገን ግን አላሳቀውም። ሰው ሁሉ ሲወለድ ይዞት የመጣው፣ እርሱ ብቻ የቀረበት አንድ ነገር እንዳለ የጠረጠረው ያን ቀን ነው። ትምህርት ቤት ሲገባም መምህራኑን የሚለያቸው በጫማቸው ነበር። የሳይንስ መምህሩ አዲስ ጫማ የገዙ ሰሞን ሰላም ሳይላቸው እያለፈ፣ ባለጌ ተብሎ ተንበርክኳል።

አድጎም አልለቀቀውም፤ ዘዴውን ግን አበዛ። ከሩቅ የሚመጣውን ሰው አረማመዱን ያያል። ቀረብ ሲል ድምፁን ይጠብቃል። ባርኔጣውን፣ የጋቢውን ጥለት፣ ሳሉን፣ እጁን የሚያወዛውዝበትን መንገድ ሁሉ በልቡ ይይዛል። ሲጠራጠር ደግሞ ሁሉንም እኩል ሰላም ይላል። ከወሎ ገና ዛሬ የወረደ፣ አይቶት የማያውቀውን የቀን ሠራተኛ «እንዴት ከረምክ፣ ቤተሰብ ደህና?» ብሎ ትከሻውን ይስመዋል። ሰውየውም ግር እያለው ይሳማል። በዚህ የተነሣ ታደገ በኮኪት ሰው አክባሪ ተባለ። እውነቱ ግን ማንን እንደሚያከብር አለማወቁ ነበር።

ሙያውን ያስተማረው ሙሐመድጣሂር የሚባል፣ መተማ ዮሐንስ ድንበሩ አጠገብ የሚሠራ ከገዳሪፍ የመጣ ፀጉር ቆራጭ ነው። ሙሐመድጣሂር ሰውን ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነበር የሚጀምረው። «ያ ዞል» ይለው ነበር፣ አንተ ሰው ማለቱ ነው፣ «መቀሱን አስቀምጥ። መጀመሪያ ራሱን በእጅህ ዳብሰው። የት ጋ እንደሚጎደጉድ፣ የት ጋ እንደሚያብጥ ሳታውቅ ምኑን ትቆርጣለህ?» ታደገ ዳበሰ። ያን ጊዜ ነው አንድ ያልጠበቀው ነገር ያገኘው። ዓይኑ የማይዝለትን እጁ ያዘለት። ጣቱ አንዴ የዞረበትን ራስ አይረሳም። የፀጉሩ አዙሪት ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ፣ ከጆሮው ኋላ ያለው አጥንት ይሹል ይዶልዱም፣ ማጅራቱ ላይ ያለው ጠባሳ፣ ሁሉም እጁ ውስጥ ስም ነበረው። ዓይኑን ጨፍኖ «አንተ አምና ለፋሲካ መጥተህ ነበር» የሚለውን ሰው፣ ዓይኑን ገልጦ አያውቀውም።

ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገረም። ምላጭ ይዞ ጉሮሮ ላይ የሚቆም ሰው «እኔ ሰው አልለይም» ቢል፣ ማን ደፍሮ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል?

ችግሩ፣ ሥራው ራሱ ምልክት ማጥፋት መሆኑ ነው። ጎፈሬውን አይቶ ያወቀውን ሰው፣ ጎፈሬውን ሲያነሣለት ያጣዋል። በተለይ ኅዳር ላይ ይብስበታል። የሰሊጡ አጨዳ አልቆ ሳሉጎቹ፣ ማለት ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ከየእርሻው ካምቦ ወደ ከተማ ይጎርፋሉ። ወራት ያልተቆረጠው ፀጉራቸው በሰሊጥ ገለባና በአቧራ ተሞልቶ ይገቡና፣ ሙልጭ ብለው ተላጭተው፣ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ አንድ ዓይነት ቁምጣና አንድ ዓይነት ባትሪ ገዝተው አገራቸው ይገባሉ። ታደገ ላጭቶ ያስነሣው ልጅ ሒሳቡን ሊከፍል ዞር ሲል፣ «ወንድሜ፣ ተራህን ጠብቅ» ይለዋል።

«ኧረ ወንድምዓለም» አለው አንዱ ጎጃሜ አንድ ቀን፣ ልሙጥ ራሱን እያሻሸ፣ «ከዚህ ላይ ምን ቀርቶ ነው ተራ የምጠብቅ?»

አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። ታደገም አብሮ ሳቀ። ቀልደኛ ተባለ። ይህም ከሰው አክባሪነቱ ጋር ተደረበለት።

ፊት ለፊት ያለው የልብስ ሱቅ የአያ ዘሩ ነው። የምትሸጠው ልጃቸው ሰርክአዲስ ነበረች። እርሷ ደግሞ የታደገ ተገላቢጦሽ ናት፤ አንዴ ያየችው ፊት ከውስጧ አይወጣም። ከሦስት ዓመት በኋላ የተመለሰ ሳሉግ ገና ደጃፉን ሲረግጥ፣ «አንተ ያኔ ጥርስህን አሞህ፣ ጉንጭህን በሻሽ አስረህ፣ ቁምጣው ሰፋኝ ብለህ የመለስከው አይደለህም?» ትለዋለች። ሰውየው ወደኋላ ሸርተት ይላል። «ጠንቋይ ነሽ እንዴ እታለም?» ይላታል። ለእርሷም ቀላል አልነበረም። ልጅ ሳለች አንዴ መንገድ ላይ ያየቻቸውን ሰዎች ሁሉ እንደ ዘመድ ሰላም ስትል፣ ሰዎቹ «የማን ልጅ ነሽ?» ሲሏት፣ የረሷት እየመሰላት ታለቅስ ነበር። ሰው ሁሉ እንደ እርሷ የማያስታውስ መሆኑን ያወቀችው ቆይታ ነው።

ሰርክአዲስ ቢጫ ሻሽ ታስራለች። ታደገ ቢጫውን ሻሽ ካየ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ፊቱ ይፈካል፣ «ሰርኬ» ይላታል፣ የሆነ ያልሆነውን ያወራታል። አንድ ቀን ሰማያዊ ሻሽ አስራ መቀስ ልትዋስ መጣችና፣ ገና አፏን ሳትከፍት «ምን ልታዘዝ እህቴ?» አላት። ዞራ ሄደች። ተከፍታ አደረች። ሲነጋ ግን ማሰብ ጀመረች፤ ቢጫውን ሻሽ ጓደኛዋ ዙፋን ራስ ላይ አስራ «ዝም ብለሽ በደጁ እለፊ» ብላ ላከቻት።

«ሰርኬ» አላት ታደገ ዙፋንን፣ ከልቡ ፈገግ ብሎ፣ «ምነው ዛሬ ቀጠንሽብኝ?»

ዙፋን አፏን በነጠላዋ አፍና ሮጠች። ሰርክአዲስ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቢጫው ሻሽ ከራሷ ወርዶ አያውቅም። ምን እንዳወቀች አልነገረችውም፤ እርሱም የሚነገር ነገር እንዳለ አላወቀም። ፍቅራቸው እንዲህ ሆኖ ዓመት ሞላው።

የቀረው አባትየው ናቸው። አያ ዘሩ በጉልበታቸው ዘመን የአንድ ባለሀብት እርሻ ወኪል ነበሩ፤ የሳሉጎቹ አለቃ። ስማቸው ሲጠራ ሳሉግ ሁሉ ማጭዱን ያነሣል ይባል ነበር። ንግግር አያበዙም። ካለፈው ኅዳር ጀምሮ ደግሞ የወንድማቸው ሐዘን ላይ ስለነበሩ ጥቁር ለብሰው፣ ጺማቸውን ለቀው፣ በነሐስ ሽቦ የተጠመጠመ ጥቁር ከዘራቸውን ይዘው ነበር የሚሄዱት። ኮኪት ውስጥ እንደ እርሳቸው ለታደገ የሚመች ሰው አልነበረም። ጥቁር ልብስ፣ እስከ ደረት የወረደ ጺም፣ የሚያብለጨልጭ ከዘራ። ከመቶ ሰው መካከል ያውቃቸዋል። ገና ከሩቅ ሲያያቸው መቀሱን አስቀምጦ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። እርሳቸውም ይህን ልብ ብለውት ነበር።

ሙት ዓመቱ በወጣ ማግስት አያ ዘሩ ጺማቸውን ሊላጩ መጡ። ከታደገ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ወደኋላ ጣሉለት። ታደገ በሕይወቱ እንዲህ ተጠንቅቆ ሠርቶ አያውቅም። መጀመሪያ በመቀስ አሳጠረ፣ በለብታ ውሃ አራሰ፣ ሳሙናውን በብሩሽ አረፋ አድርጎ ቀባ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ። ቀኝ እጁ ምላጩን ሲይዝ ግራው ራሳቸውን ደግፎ ነበር። ከግራ ጆሯቸው ኋላ አውራ ጣት የምታስገባ ጎድጓዳ አለች። እዚያ ላይ ጣቱን አሳረፈ። አያ ዘሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጥቂት ቆይቶ አንኮራፉ።

ሲነቁ መስታወቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። አገጫቸውን ዳበሱ።

«ወንድሜን መሰልሁ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ታደገ ሳይዞሩ፣ «እኔ ዓይን አለኝ። ሱቄ ደጃፍ ላይ ስትንጎራደድ ዓመት ሙሉ አይቻለሁ። የሚነገር ካለህ የሚነገርበትን መንገድ ታውቀዋለህ። እሑድ ቤት ነኝ» ብለው ወጡ።

እሑድ ሽማግሌ ላክ ማለታቸው ነው። ታደገ ከደስታው ብዛት ከዘራቸውን ረስተው መሄዳቸውን ያየው ቆይቶ ነው። አንሥቶ መስታወቱ ጥግ በክብር አቆመው።

አያ ዘሩ ቤታቸው ገቡ። ጥቁሩን አወለቁ፤ ሰርክአዲስ ያዘጋጀችላቸውን አዲስ ነጭ ጋቢ ደረቡ። ከዚያ ከዘራቸው ትዝ አላቸውና ተመለሱ።

ጺም የለም፣ ጥቁር የለም፣ ከዘራ የለም። አያ ዘሩን አያ ዘሩ የሚያሰኝ ለታደገ ምንም አልቀረም።

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሳሉጎች ሞልተዋል፤ ሁሉም ከሩቅ እርሻ የመጡ፣ አያ ዘሩን የማያውቁ ናቸው። ታደገ አንዱን እየላጨ በመስታወቱ ውስጥ አንድ ንጹሕ ሽማግሌ ሲገቡ አየ።

«ይግቡ አባቴ፣ ተራ ይያዙ» አላቸው።

አያ ዘሩ ቆሙ። ልጁ የተጫወተ መሰላቸው፤ ጨዋታ ደግሞ አይወዱም።

«ለአገሩ እንግዳ ነዎት መሰል። ሰሊጥ ሊገዙ ነው?»

አያ ዘሩ ዓይናቸውን ወደ ከዘራቸው አዞሩ።

«በደስታዬ ቀን ነው የደረሱት» ቀጠለ ታደገ፣ ምላጩን በፎጣው እየጠረገ። «አሁን ከዚህ ወንበር ላይ ማን እንደተነሣ ቢያውቁ! አማቴ ናቸው። ማለቴ፣ ከእሑድ በኋላ።»

«ሰጡህ?» አለው ወንበሩ ላይ ያለው ሳሉግ፣ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ እንደጎፈረ።

«ሰጡኝ በለው። አገር የሚፈራቸው ሰው ናቸው። እዚህ ግን እንደ በግ ነው የተጋደሙልኝ። አንኮራፍተዋል እኮ! ጺማቸውማ ስንት ምላጭ በላብኝ፤ ውስጡ አንድ ሁለት ነዶ ሰሊጥ ሳይኖር አይቀርም።»

ሳሉጎቹ በሳቅ ፈነዱ። አያ ዘሩ ምንም ሳይሉ ወደ መስታወቱ ጥግ ሄደው ከዘራቸውን አነሡ። ታደገ ምላጩን ጥሎ ጫፉን ያዘ።

«አባቴ፣ እሱን ይተውት። ባለቤት አለው።»

አያ ዘሩ ሳቡት። ታደገም ሳበው። ሁለት ሳሉጎች ብድግ ብለው በሩ ላይ ቆሙ።

«በዚህ ዕድሜዎ አያምርብዎትም አባቴ» አለ ታደገ፣ ሰው ፊት ላለማዋረድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የአማቴ ነው እኮ።»

«ልቀቀው» አሉ አያ ዘሩ።

ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ አላስፈለገም። ድምፁን ሲሰማ የታደገ እጅ በራሱ ተፈታ። አያ ዘሩ በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ በሳሉጎቹ መካከል ወጡ። ግማሽ የተላጨው ልጅ፣ «እሑድ ይቀራል ማለት ነው?» አለ።

ወሬው ከገበያው በፊት ተበተነ። የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ውቤ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ፣ «አማቱን ሌባ ብሎ የያዘ ሙሽራ በአንተ አየሁ። ቀለበቱን ስታስር ደግሞ እጇን ፈትሽ» አለው።

ታደገ እንዲያም ሆኖ እሑድ ሽማግሌ ላከ። ዋናው አያ አገኘሁ ነበሩ፤ የአያ ዘሩ የዕድሜ እኩያ፣ ረጋ ያሉ ሰው። ሳይቀመጡ ተመለሱ።

«ምን አሉ?» ብሎ ጠየቃቸው ታደገ።

«‹ወይ ንቆኛል፣ ወይ አብዷል። ለናቀኝም ላበደም ልጅ አልሰጥም› ብሏል። እውነቱን ነው ልጄ። አንተስ ምን ሆነህ ነው?»



ሰኞ ሰርክአዲስ ቁምጣ የምታጣጥፍ መስላ ከሱቋ ደጃፍ ጠራችው። ሄዶ አጠገቧ ቆመ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ለአባዬ ንገረው» አለችው።

«ምኑን?»

«ሰው የማትለይ መሆንህን።»

ታደገ ቀና አለ። «ማን ነገረሽ?»

«ታዲያ ይህን ሻሽ ዓመት ሙሉ ያሰርሁት ሌላ አጥቼ መሰለህ? የልብስ ነጋዴ ልጅ ነኝ እኮ።»

መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት የኖረው ነገር ከትከሻው ትንሽ የወረደ መሰለው።

«አንቺ ንገሪያቸው» አላት።

«እኔ ብነግረው፣ ‹ለወንድ ብለሽ ዋሸሽልኝ› ነው የሚለኝ። አንተው በአፍህ ተናገር።»

«አወቁ ማለት አገር አወቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጉሮሮውን ማን ይሰጠኛል? ምን አብልቼ ላኖርሽ ነው?»

ሰርክአዲስ ቁምጣውን አስቀመጠች። «ይህን ሻሽ እስክሸብት ላስረው እችላለሁ። አባቴን ግን በሌባነት ይዘህ ዝም ካልክ፣ እውነቱን ልትነግረው ያልደፈርክ ሰው ነህ ማለት ነው። ይኸው ነው» አለችና ገባች።

ታደገ በዚያው እግሩ ወደ አያ አገኘሁ ሄዶ ሁሉንም ነገራቸው፤ የእናቱን ቀሚስ፣ የመምህሩን ጫማ፣ ቢጫውን ሻሽ። አያ አገኘሁ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። «እኔንስ?» አሉት።

«በሳልዎ ነው የማውቅዎት አያ።»

አያ አገኘሁ ይህን ወስደው ለአያ ዘሩ አደረሱ። አያ ዘሩ ጥቂት አሰቡና፣ «ይህ ከሆነ ይፈተናል» አሉ። «አይቶ በፊቴ ከለየኝ ውሸታም ነው፤ ያን ቀንም አውቆ ነው ያዋረደኝ። ካልለየኝ ግን የተናገረው እውነት ነው።» ይህን ሐሳባቸውን ለአያ አገኘሁ እንጂ ለሌላ አልነገሩም።

ቅዳሜ ገበያው በሞቀበት ሰዓት አራት ሽማግሌዎች ወደ ታደገ ሱቅ ገቡ። አራቱም ጺማቸውን ተላጭተዋል፣ አራቱም ነጭ ጋቢ ደርበዋል፣ አንዳቸውም ከዘራ አልያዙም። ተራ በተራ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አንዳቸውም አልተናገሩም፤ አያ አገኘሁም ሳላቸውን ዋጡ። የሚናገርላቸው ውቤ ነበር፤ ለዚህ ሲመረጥ ደስታው ወሰን አልነበረውም።

«ታደገ» አለ ውቤ፣ ከደጅ የተሰበሰበው ሰው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ከነዚህ አራቱ አንዱ አማትህ ናቸው። ወይም ሊሆኑ የነበሩ። እስኪ ለይተህ እጅ ንሣ።»

ታደገ አራቱን ፊቶች አየ። ግንባር፣ ዓይን፣ የተሸበሸበ ጉንጭ። እንደገና አየ። አራቱም ለእርሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። መገመት ይችላል፤ አንደኛው ቀጥ ብሎ ነው የተቀመጠው፣ የወኪል አቀማመጥ ይመስላል። ደግሞ ቀና ቢል ከመንገዱ ማዶ ቢጫው ሻሽ ይታየዋል። ሰርክአዲስ ቆማ እየተመለከተች ነው። ዓይኗ ወደ የትኛው እንደሚያይ ቢከተል በቂው ነው። ታደገ ተመለከታት። ሰርክአዲስም ይህን አውቃ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ከመደርደሪያው ላይ የተጣጠፉትን ቁምጣዎች አውርዳ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

ታደገ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«አላውቃችሁም» አለ። «ከአራታችሁ አንዳችሁ አያ ዘሩ ናችሁ፤ ውቤ ስላለ አምናለሁ። የትኛው እንደሆኑ ግን አላውቅም። ዛሬም አላውቅ፣ ያን ቀንም አላወቅሁ። ንቄ አይደለም፤ የእናቴንም ፊት አልለይም።»

ደጅ ላይ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሌላው «ምላጭ ይዞ!» ሲል ተሰማ። ታደገ የፈራው ነገር ይኸው መጣ። ግን ከጀመረው ወዲያ መመለሻ አልነበረም።

«ራሳችሁን ብነካ ግን አውቃለሁ» አለ። «ከፈቀዳችሁ።»

አራቱም ዝም አሉ፤ ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ወሰደው። ከአግዳሚው ኋላ ዞሮ፣ ደጅ ያሉት እንዲያዩት ዓይኑን ጨፈነ። የመጀመሪያው ራስ ወደ ላይ የሾለ ነው። «አያ አገኘሁ» አለ። አያ አገኘሁ የያዙትን ሳል ሁሉ አንድ ላይ ለቀቁት። ሁለተኛው ማጅራቱ ላይ ወፍራም ጠባሳ አለው። ስሙን ጠራ፤ ትክክል ነበር። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱ ከግራ ጆሮ ኋላ ያለችው ጎድጓዳ ውስጥ ገባ። ጣቱ ቆመ። ከዚያ ወደ ታች ወረደ፣ ከጆሮው ሥር ያለውን ዳበሰ፣ እንደገና ዳበሰ።

«አያ ዘሩ» አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከግራ ጆሮዎ ሥር ጺም ትቼብዎታለሁ።»

አያ ዘሩ ቀጥ ብለው ከተቀመጡት ሽማግሌ አጠገብ፣ ጎበጥ ብለው የተቀመጡት ነበሩ። ቢገምት ስቶ ነበር።

አያ ዘሩ ከጆሯቸው ሥር ነኩ። እውነትም ከሌላው የረዘመ ትንሽ ጺም ቀርቷል፤ ሳምንቱን ሙሉ ማንም አልነገራቸውም። ዞረው ታደገን ከላይ እስከ ታች አዩት። እርሱ ዓይኑን ገና አልገለጠም።

«አሁን ግለጥ» አሉት። ገለጠ። «አለማወቅህንስ እሺ። ማንኮራፋቴን ምን ልሁን ብለህ ታወራለህ?»

«ለእንግዳ ነው እኮ የነገርኩት አያ።»

«ለእንግዳ ይነገራል?»

«እርስዎ መሆንዎን አውቄ ቢሆን፣ በግ የሚለውንም እተወው ነበር።»

አያ አገኘሁ ቀድመው ሳቁ። አያ ዘሩ ከንፈራቸውን ነክሰው ያዙት፣ ያዙት፣ በመጨረሻ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ ሲስቁ የታዩት ያን ቀን ነው። ስቀው ሲያበቁ ጋቢያቸውን ሰብስበው ብድግ አሉ፤ ወደ በሩ ግን አልሄዱም። ገበያው ሁሉ እያየ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ አንገታቸውን ወደኋላ ጣሉ፣ ጉሮሯቸውን አጋለጡ።

«የጀመርከውን ጨርስ» አሉት። «በደንብ ላጨኝ። ነገ እሑድ አይደለ? ሽማግሌ ይመጣብኛል።»

ታደገ ምላጩን አነሣ። ከመንገዱ ማዶ ቢጫው ሻሽ ወደ እርሱ ዞሮ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ዘሩ በታደገ ደጃፍ ሲያልፉ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው «ዘሩ ነኝ» ይላሉ፤ ልክ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። መጀመሪያ ሳቀባቸው ሕዝቡ። ቀጥሎ ውቤ ለማላገጥ ብሎ «ውቤ ነኝ፣ ያው የምታውቀኝ፣ መልከ መልካሙ» እያለ መግባት ጀመረ። ቀስ በቀስ ሁሉም ለመደው። ጉሮሮውን የነፈገው ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ዓይኑን ጨፍኖ ራስ የሚለይ ፀጉር ቆራጭ አለ ተብሎ ከአብርሃ ጅራ ድረስ ለማየት የመጣ ነበር። ከደጋ አዲስ የወረደ ሳሉግም ሰዉን አይቶ፣ የኮኪት ወግ መስሎት፣ በሩ ላይ ቆሞ ስሙን ከነአባቱ ይናገራል።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ሰርክአዲስ ነጭ ቬሎ ለብሳ ቢጫ ሻሿን የእጇ አንጓ ላይ አሰረች። ሚዜዎቹ «ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ፋሽን ነው?» ቢሏት፣ «ለሙሽራው ነው» ብቻ አለቻቸው።

ፎቶው ከገንዳ ውሃ ታጥቦ ሲመጣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ያይ ነበር። ታደገ ተቀበለና አተኩሮ አየው። ብዙ ሰው ተደርድሯል፤ ወንዶቹ ሁሉ ጥቁር ኮት ለብሰው ፀጉራቸውን አንድ ዓይነት ተቆርጠዋል፤ የቆረጣቸው እርሱ ራሱ ነው። ሰርክአዲስን በአንጓዋ ወዲያው አገኛት።

«ቆንጆ ወጥተሻል» አላት።

«አንተስ?»

ታደገ ጣቱን ከአንጓዋ አንሥቶ ወደ ጎን አስኬደው፣ አጠገቧ ከቆመው ሰው ፊት ላይ አሳረፈው። ሰውየው ጥርሱን ሁሉ አውጥቶ ስቋል።

«እጅሽን የያዘው ይህ ነው» አለ፣ «እኔ መሆን አለብኝ።»